ተጠያቂነት ያለ ጠያቂ፦ መንግሥታት የንግድ ድርጅቶች ሰብዓዊ መብትን እንዲያከብሩ የሚያደርጉት እንዴት ነው?

የቀረበልኝ ጥያቄ በአጭሩ የሚከተለው ነው፦ «አንድ መንግሥት የንግድ ድርጅቶች ሰብዓዊ መብትን የማክበር ኃላፊነታቸውን እንዲያውቁና እንዲወጡ ለማድረግ ምን ምን መንገዶች አሉት? አስገዳጅ ሕግ ማውጣት ይሻላል ወይስ ማበረታታትና ማሠልጠን? ሕጉ ሲጠብቅስ ባለሀብቱን አያሸሽም ወይ?» ጠያቂው በፖሊሲ ረቂቅ ዝግጅት ላይ እንደሚሠሩ ስለገለጹ፣ ምላሼን ለአርቃቂ በሚጠቅም መልኩ ለመስጠት እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በዚህ ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ሁሉ «ሕግ ወይስ ፈቃደኝነት?» የሚለውን ክርክር ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ ከልምድ እንደተረዳሁት ግን ክርክሩ ዋናውን ጉዳይ ይስታል። ተጠያቂነት የምንለው ቃል የወጣው መጠየቅ ከሚለው ግሥ ነው፤ ተጠያቂ እንዲኖር ደግሞ አስቀድሞ ጠያቂ መኖር አለበት። በስፌት መኪና ላይ የተቀመጠችው ሠራተኛ፣ በማዕድን ማውጫው ግርጌ ውኃ የሚቀዳው ገበሬ፣ ዕቃውን የሚገዛው ሸማች፣ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው ወይም ዳኛው ድርጅቱን ለመጠየቅ መብት ካላቸው፣ ጥያቄያቸው የሚደርስበት ቦታ ከታወቀና ድርጅቱ መልስ ሳይሰጥ ቢቀር የሚያጣው ነገር ካለ፣ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ መርሐ ግብር እንኳ ፍሬ ያፈራል። እነዚህ ከሌሉ አስገዳጅ የተባለው ሕግ ራሱ ለይስሙላ ይቀራል። ከዚህ በታች የማነሳቸውን የየአገሩን ተሞክሮዎች በሙሉ የምመዝነው በዚህ ሚዛን ነው።

መነሻ የሚሆነው ሰነድ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት በጁን 2011 በሙሉ ስምምነት የተቀበለው የንግድ ሥራና የሰብዓዊ መብቶች መሪ መርሆች ነው። ሰነዱን ያዘጋጁት በ2005 በወቅቱ ዋና ጸሐፊ በኮፊ አናን የተሾሙት ፕሮፌሰር ጆን ራጊ ናቸው። መርሆቹ 31 ሲሆኑ በሦስት ምሰሶዎች ላይ ቆመዋል፤ መንግሥት ሰዎችን በድርጅቶች ከሚደርስ የመብት ጥሰት የመጠበቅ ግዴታ አለበት፣ ድርጅቶች መብትን የማክበር ኃላፊነት አለባቸው፣ ጉዳት የደረሰበት ሰው ደግሞ መፍትሔ ማግኘት አለበት። ለመንግሥት «ግዴታ»፣ ለድርጅት «ኃላፊነት» የሚሉት ሁለት ቃላት የተመረጡት በጥንቃቄ ነው፤ የመንግሥቱ ከዓለም አቀፍ ሕግ የሚመነጭ ሲሆን የድርጅቱ ግን በመርሆቹ መሠረት ከማኅበረሰቡ የሚጠበቅ ዓለም አቀፍ የሥነ ምግባር መለኪያ ነው። በብዙ ረቂቆች ላይ የማየው ስህተት ከዚህ ይጀምራል። አርቃቂዎች «ድርጅቶች መብትን ማክበር አለባቸው» የሚል አንቀጽ ከጻፉ በኋላ ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል፤ ከ31ዱ መርሆች የመጀመሪያዎቹ 10 የተጻፉት ግን ለመንግሥት ነው።

መንግሥታት መርሆቹን ወደ ሥራ ለመለወጥ መጀመሪያ የተጠቀሙበት መሣሪያ ብሔራዊ የድርጊት መርሐ ግብር ነው። ብሪታንያ በ2013 የመጀመሪያውን አወጣች፤ ከዚያ በኋላ ከኔዘርላንድስና ከዴንማርክ እስከ ታይላንድ፣ ጃፓንና ኡጋንዳ ድረስ በርካታ አገሮች ተከተሏት። አብዛኞቹ መርሐ ግብሮች በመልካም ቃላት የተሞሉ ናቸው፤ መንግሥት «ያበረታታል»፣ «ይደግፋል»፣ «ግንዛቤ ያስጨብጣል» ይላሉ። እንደነዚህ ያሉ ግሦች የበዙበትን ሰነድ ሳነብ እጨነቃለሁ፤ ምክንያቱም ከአምስት ዓመት በኋላ አንድ ሰው ተነሥቶ «ይህ ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ የሚሰጥበት መለኪያ አይገኝም።

የጀርመን መርሐ ግብር ከሌሎቹ የተለየው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። በዲሴምበር 2016 የጸደቀው ሰነድ ቁጥርና ቀን አስቀመጠ፤ ከ500 በላይ ሠራተኞች ካሏቸው ድርጅቶች ቢያንስ ግማሹ እስከ 2020 ድረስ ሰብዓዊ መብትን የሚመለከት የጥንቃቄ አሠራር (ሥራቸው በሰዎች መብት ላይ ሊያደርስ የሚችለውን ጉዳት አስቀድሞ የመለየት፣ የመከላከልና የማረም ሥርዓት) በሥራቸው ውስጥ እንዲያካትቱ፣ ይህ ካልተሳካ ደግሞ መንግሥት ሕግ ማውጣትን እንደሚያጤን አሳወቀ። ጊዜው ሲደርስ ጥናት ተካሄደ። መስፈርቱን አሟልተው የተገኙት ድርጅቶች ከ13 እስከ 17 በመቶ ብቻ ነበሩ። የፈቃደኝነት መንገድ በራሱ ሚዛን ተመዝኖ ቀልሎ ተገኘ፤ ከዚያ ወዲያ «ጊዜ ይሰጠን» የሚለው ክርክር ጉልበት አጣ፣ ፓርላማውም በጁን 2021 የአቅርቦት ሰንሰለት ጥንቃቄ ሕጉን አጸደቀ። ለእርስዎ ረቂቅ ከዚህ ታሪክ የምወስደው አንድ ነገር ነው፤ መንግሥት ለሕግ ገና ዝግጁ ባይሆን እንኳ፣ ፈቃደኝነቱ የሚለካበትን ቁጥርና ቀን፣ እንዲሁም ሳይሳካ ሲቀር የሚከተለውን እርምጃ አስቀድሞ መጻፍ ይችላል። እንዲህ ያለ አንቀጽ ዛሬ በማንም ላይ ግዴታ አይጥልም፤ ነገ ለሚጠይቅ ሰው ግን መቆሚያ ይሰጠዋል።

ሕጉ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ 3,000 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2024 ጀምሮ ደግሞ 1,000 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች በጀርመን ባሏቸው ድርጅቶች ላይ ተፈጻሚ ሆኗል። ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ400 ሚሊዮን ዩሮ በላይ የሆነ ድርጅቶች ከባድ ጥፋት ሲፈጽሙ የሽያጫቸውን እስከ 2 በመቶ ሊቀጡ፣ እስከ 3 ዓመት ደግሞ ከመንግሥት ጨረታ ሊታገዱ ይችላሉ። እኔ ከቅጣቱ ይልቅ ትልቅ ቦታ የምሰጠው መብቱ የተነካ ሰው ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በቀጥታ ማመልከት መቻሉን ነው። የዚህ ትርጉም በ2023 ግሬፈንሃውዘን በተባለ የአውራ ጎዳና ማረፊያ ላይ በግልጽ ታይቷል። በብዛት ከጆርጂያና ከኡዝቤኪስታን የመጡ የከባድ መኪና ሾፌሮች ደሞዛቸው ስላልተከፈላቸው መኪኖቻቸውን አቁመው ለሳምንታት እዚያው ከረሙ፤ በሁለተኛው አድማ ከፊሎቹ ምግብ እስከ ማቆም ደረሱ። ቀጣሪያቸው የሌላ አገር አጓጓዥ በመሆኑ በቀድሞው አሠራር ጉዳዩ ጀርመን ውስጥ ማንንም የሚመለከት አይመስልም ነበር። ሕጉ ከወጣ በኋላ ግን የሚጠየቀው ሌላ ሆነ፤ በመኪኖቹ ላይ ያለው ዕቃ የማን ነው? ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የዕቃ ባለቤቶቹንና አስጫኞቹን ጠየቀ፣ ሾፌሮቹም በመጨረሻ ገንዘባቸውን አገኙ። ቀደም ሲል ስለ አቅርቦት ሰንሰለት ሲወራ ከርቀት ይሰማቸው የነበሩ ኃላፊዎች ስልካቸው ሲጮኽ ጉዳዩ የራሳቸው እንደሆነ ተረዱ።

ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የመግለጫ ሕጎች የሚባሉት ደካማ ናቸው። የብሪታንያ የ2015 የዘመናዊ ባርነት ሕግ ዓመታዊ ሽያጩ 36 ሚሊዮን ፓውንድና ከዚያ በላይ የሆነ ድርጅት ባርነትን ከሥራው ለማስወገድ የወሰደውን እርምጃ በየዓመቱ እንዲገልጽ ያዛል። ሕጉን ላይ ላዩን ያነበበ ጠንካራ ነው ሊል ይችላል፤ ይሁንና ድርጅቱ «ምንም እርምጃ አልወሰድኩም» ብሎ መግለጫ ቢያወጣ እንኳ ግዴታውን እንደተወጣ ይቆጠራል። ሕጉ ያሰበው ሸማቹና ባለሀብቱ መግለጫውን አንብበው ድርጅቱን እንዲቀጡት ነበር። አንባቢው ግን ብዙ ሥራ ያለበት ሰው ነው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ፣ በተመሳሳይ ቃላት የተጻፉ መግለጫዎችን እያነጻጸረ የሚገበይ ሸማች አይኖርም። አውስትራሊያ በ2018፣ ካናዳም ዘግየት ብላ ተመሳሳይ መንገድ ተከትለዋል።

የኖርዌይ የ2021 የግልጽነት ሕግ ይህን ክፍተት በቀላል ዘዴ ሞላው። ማንኛውም ሰው በጽሑፍ ጠይቆ፣ አንድ ምርት ወይም አገልግሎት ከመብት ጥሰት ጋር ስላለው ግንኙነት ድርጅቱ ምን እንዳደረገ የማወቅ መብት አለው፤ መልሱም በመደበኛ ሁኔታ በ3 ሳምንት ውስጥ መድረስ አለበት። ሕጉን የሚያስፈጽመው የሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው። ፈረንሳይ ደግሞ በ2017 ባወጣችው የጥንቃቄ ግዴታ ሕግ፣ በአገር ውስጥ 5,000 ወይም በዓለም ዙሪያ 10,000 ሠራተኞች ያሏቸው ኩባንያዎች የጥንቃቄ ዕቅድ እንዲያወጡና በሥራ ላይ እንዲያውሉ አስገደደች፤ ዕቅዱ የጎደለው ከሆነ ጉዳዩ የሚመለከተው ወገን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፣ 3 ወር ይጠብቃል፣ ከዚያም ፍርድ ቤት ይሄዳል። በዲሴምበር 2023 የፓሪስ ፍርድ ቤት በዚህ ሕግ መሠረት በፍሬ ነገሩ ላይ የመጀመሪያውን ውሳኔ ሲሰጥ፣ ከሳሹ የሠራተኛ ማኅበር፣ ተከሳሹ ደግሞ የፖስታ ድርጅቱ ነበር። ፍርድ ቤቱ የድርጅቱ የስጋት ዝርዝር በጣም ጥቅል ነው ብሎ በሚገባ እንዲያዘጋጀው አዘዘ። የገንዘብ ካሳ ያልተፈረደበት ውሳኔ በመሆኑ ብዙዎች አቃለሉት፤ እኔ ግን አንድ ዳኛ የድርጅቱን የስጋት ሰነድ ከፍቶ መስመር በመስመር ማንበቡ ራሱ ትልቅ ለውጥ ነው እላለሁ።

ጉዳዩ የሀብታም አገሮች ብቻ እንዳይመስል የብራዚልን ተሞክሮ በሰፊው ላንሳ፤ በእኔ ግምት ከሁሉም የበለጠ የሚያስተምረው እሱ ነውና። ብራዚል በ1995 ተንቀሳቃሽ የቁጥጥር ቡድን አቋቋመች። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች፣ ዐቃብያነ ሕግና ፖሊሶች አብረው ሆነው ከከተማ ወደ ራቁ እርሻዎች፣ የከሰል ማክሰያዎችና የግንባታ ቦታዎች ይሄዳሉ። ቡድኑ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከ60 ሺህ በላይ ሰዎች ባርነት መሰል ከሆነ የሥራ ሁኔታ ነፃ ወጥተዋል። በ2003 ደግሞ መንግሥት «ቆሻሻው ዝርዝር» እየተባለ የሚጠራውን መዝገብ ጀመረ። አንድ ቀጣሪ በባርነት መሰል ሁኔታ ሰዎችን ሲያሠራ ከተገኘና አስተዳደራዊ የይግባኝ ሂደቱ ካለቀ በኋላ ስሙ ለሁለት ዓመት ይመዘገባል፣ ለሕዝብም ይፋ ይሆናል። መዝገቡ በራሱ ገንዘብ አይቀጣም። ይሁንና ባንኮች ብድር ከመስጠታቸው በፊት ዝርዝሩን ያያሉ፤ ሥጋ፣ ቡና ወይም ስኳር የሚገዙ ትላልቅ ድርጅቶችም አቅራቢያቸው በዝርዝሩ ላይ ካለ ውሉን ያቋርጣሉ። ለአንድ የእርሻ ባለቤት ደግሞ የዘር ወቅት ደርሶ ብድር ማጣት ከመቀጮ ይከብዳል።

መዝገቡ ምን ያህል እንደሚያስፈራ የታየው በተቃውሞው ነው። በዲሴምበር 2014 የሕንፃ ሥራ ድርጅቶች ማኅበር ባቀረበው አቤቱታ ምክንያት የዝርዝሩ መታተም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። በዚያን ጊዜ ጋዜጠኞችና የመብት ተሟጋቾች የመረጃ ነፃነት ሕጉን ተጠቅመው የጥፋተኛ ቀጣሪዎችን ስም ከሚኒስቴሩ በጥያቄ እያገኙ አሳተሙ። ዝርዝሩ በ2017 ተመለሰ፤ በ2020 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደማይጋጭ ወሰነ። መንግሥት ያበጀውን መሣሪያ መንግሥት ራሱ መጠቀም ሲያቅተው ያቆዩት ጠያቂዎቹ ናቸው፤ እነሱም መጠየቅ የቻሉት የመረጃ ነፃነት ሕግ ስለነበረ ነው። ስለዚህ በረቂቅዎ ውስጥ የንግድ ሥራና የሰብዓዊ መብት ጉዳይ ከመረጃ ነፃነት፣ ከመደራጀት መብትና ከፕሬስ ነፃነት ተነጥሎ ለብቻው እንዳይቆም አደራ እላለሁ።

ከሁሉም መንገዶች አነስተኛ ክብር የሚሰጠው የሥራ ሁኔታ ቁጥጥር ነው። በስብሰባዎች ላይ ስለ አዳዲስ መርሐ ግብሮች ብዙ ይነገራል፤ የተቆጣጣሪዎች ደሞዝና የመጓጓዣ በጀት ግን አይነሣም። ኤፕሪል 24 ቀን 2013 ባንግላዴሽ ውስጥ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ተደርምሶ 1,134 ሰዎች ሲሞቱ፣ ስንጥቁ የታየው አንድ ቀን አስቀድሞ ነበር። በታችኛው ፎቅ የነበሩት ባንክና ሱቆች በዚያን ዕለት ተዘግተው ነበር፤ የልብስ ፋብሪካዎቹ ሠራተኞች ግን ግቡ ተብለው ገቡ። የባንኩ ሠራተኞችና የስፌት ሠራተኞቹ ያዩት ስንጥቅ አንድ ነው። የለያቸው ነገር «አንገባም» ብሎ መናገር መቻልና አለመቻል ነበር፤ በፋብሪካዎቹ ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር አልነበረም፣ ሕንፃውን ዘግቶ የሚያሽግ ተቆጣጣሪም አልደረሰም።

የግል ምርመራ፣ ማለትም ገዢ ድርጅቶች በአቅራቢዎቻቸው ፋብሪካ የሚያስደርጉት ፍተሻ፣ ይህን ቦታ ይሞላል የሚለው ተስፋ ለምን እንደማያስተማምነኝ በአንድ ገጠመኝ ላስረዳ። አንድ ጊዜ በጎበኘሁት የልብስ ስፌት ፋብሪካ የቅሬታ ሳጥኑ ከምርት ኃላፊው ቢሮ መስኮት ትይዩ ተሰቅሎ አገኘሁት። ቁልፉ የት እንደሆነ ስጠይቅ ኃላፊው ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ። ሳጥኑ ሲከፈት ከጨርቅ ብናኝ በቀር ምንም አልነበረበትም። ከዚያ በፊት ለገዢው ድርጅት የተዘጋጀውን የምርመራ ሪፖርት ስመለከት «የቅሬታ ማቅረቢያ ሥርዓት፦ አለ፤ የቀረበ ቅሬታ፦ የለም» የሚል መስመር አየሁ፤ መስመሩም እንደ መልካም ውጤት ተቆጥሮ ነበር። ቅሬታ ማቅረብ ሥራ የሚያሳጣ መሆኑን ላወቀች ሠራተኛ «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ብሂል ብልህነት ነው፤ ዝምታዋን እንደ እርካታ የመዘገበው ሰው ግን ሥራውን አልሠራም። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1947 ስለ ሥራ ሁኔታ ቁጥጥር ያወጣው 81ኛው ስምምነት ይህን ችግር አስቀድሞ አይቶታል። ተቆጣጣሪው በቀንም ሆነ በሌሊት፣ ያለ ቅድመ ማስታወቂያ የመግባት ሥልጣን አለው፤ ቅሬታው ከማን እንደመጣ በምሥጢር ይይዛል፤ ከዚህም አልፎ የመጣው በቅሬታ ምክንያት መሆኑን እንኳ ለአሠሪው እንዳይገልጽ ታዟል። ይህን አንቀጽ የጻፉት ሰዎች የፋብሪካን ኑሮ የሚያውቁ እንደነበሩ ያስታውቃል። አንድ መንግሥት ውስን ገንዘብ ይዞ ወደ እኔ ቢመጣ፣ ከአዲስ መርሐ ግብር አስቀድሞ ተቆጣጣሪዎችን እንዲቀጥር እመክረዋለሁ።

መንግሥት ራሱ ገዢ፣ ነጋዴና አበዳሪ መሆኑም አይረሳ። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት አባል አገሮች በ2021 በመንግሥት ግዥ ያወጡት ገንዘብ ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርታቸው 13 በመቶ ገደማ ይሆናል። የደንብ ልብስ፣ የሆስፒታል ጓንት፣ ኮምፒውተርና የግንባታ ድንጋይ የሚገዛ መሥሪያ ቤት በጨረታ ሰነዱ ላይ የሚጽፈው አንድ አንቀጽ ከብዙ ሥልጠና ይልቅ ይሰማል። አሜሪካ በ2012 በወጣ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ የፌዴራል መንግሥት ተቋራጮች ከሚቀጥሩት ሠራተኛ የቅጥር ክፍያ እንዳያስከፍሉ ከልክላለች፤ የቅጥር ክፍያ ስደተኛ ሠራተኛን ገና ሥራ ሳይጀምር ዕዳ ውስጥ የሚከት በመሆኑ፣ ክልከላው የግዳጅ ሥራን ከሥሩ የሚነካ ነው። ለወጪ ንግድ የሚሰጥ ብድርና ዋስትና፣ የልማት ባንክ ብድር፣ እንዲሁም የመንግሥት የልማት ድርጅቶች አስተዳደር በዚሁ መንገድ ሊታዩ ይገባል። መንግሥት በራሱ ድርጅት ውስጥ ያልፈጸመውን ከግሉ ዘርፍ ሲጠይቅ የሚሰማው አያገኝም።

«ሕግ ሲጠብቅ ባለሀብት ይሸሻል» የሚለውን ስጋት አላቃልለውም፤ ሥራ አጥ የበዛበት አገር ሚኒስትር በዚህ ምክንያት እንቅልፍ ቢያጣ አይፈረድበትም። ሆኖም በጀርመን ሕጉ እንዲወጣ ከጠየቁት መካከል በርካታ ኩባንያዎች ነበሩበት። ወጪ አውጥቶ በጥንቃቄ የሚሠራ ድርጅት፣ ደሞዝ በመቀነስና የደኅንነት በር በመቆለፍ ከሚያተርፈው ተፎካካሪው ጋር በአንድ ሚዛን እንዲቆም ስለሚፈልግ ሕጉን ይደግፋል። ትልቁን አደጋ የማየው መንግሥት በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላ እጁ ሲነሣ ነው። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ዘመን ከማዕድን ሀብት የተገፉ ዜጎችን ድርሻ የሚያስገኝ ሕግ ስታወጣ፣ የግራናይት ድንጋይ የሚያወጡ የጣሊያን ባለሀብቶች ለውጭ ባለሀብት ጥበቃ በሚሰጥ የኢንቨስትመንት ስምምነት መሠረት በዓለም አቀፍ የግልግል ዳኝነት ከሰሷት። ክሱ በ2010 ያለ ፍርድ ቢቋረጥም አገሪቱ የገባችበትን ስምምነት ሁሉ መልሳ እንድትመረምር አድርጓታል። የንግድ ሚኒስቴር ስምምነት ሲፈርም የሠራተኛ ሚኒስቴር ካላየው፣ ነገ የሚወጣው የመብት ሕግ ዛሬ ታስሯል ማለት ነው። ከመሪ መርሆቹ ዘጠነኛው የተጻፈው ለዚሁ ነው።

ከሦስቱ ምሰሶዎች የተረሳው መፍትሔ የማግኘት መብት ነው። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2012 ካራቺ ውስጥ አሊ ኢንተርፕራይዝስ በተባለ የልብስ ፋብሪካ በተነሣ እሳት ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ። እሳቱ በሰው እጅ የተነሣ መሆኑን የፓኪስታን ፍርድ ቤት ከዓመታት በኋላ ወስኗል፤ ሠራተኞቹ ሮጠው እንዳያመልጡ ያደረጋቸው ግን በብረት የታጠሩ መስኮቶችና የተዘጉ መውጫዎች ናቸው። ፋብሪካው ይህ ከመሆኑ ከሳምንታት በፊት ብቻ ዓለም አቀፍ የማኅበራዊ ደረጃ የምስክር ወረቀት ተቀብሎ ነበር። ዋናው ገዢ ኪክ የተባለ የጀርመን ድርጅት ስለነበር አራት ከሳሾች፣ ከእሳቱ የተረፈና ልጆቻቸውን ያጡ ቤተሰቦች፣ ወደ ዶርትሙንድ ፍርድ ቤት ሄዱ። ፍርድ ቤቱ በጃንዋሪ 2019 ክሱን ዘጋው። ምክንያቱ በፓኪስታን ሕግ የይርጋው ጊዜ (ክስ ሊቀርብ የሚችልበት የጊዜ ገደብ) አልፏል የሚል ነበር። ገዢው ድርጅት ኃላፊነት ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚለው ፍሬ ነገር ጨርሶ አልተመረመረም። ቤተሰቦቹ ቀደም ሲል በ2016 በዓለም ሥራ ድርጅት አመቻችነት በተደረገ ስምምነት ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሳ ተመድቦላቸዋል፤ የፈለጉት የዳኛ ቃል ግን ሳይሰጣቸው ቀረ።

ይህን ጉዳይ ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይሰበራል፤ የሕግ ባለሙያነቴም ይቆጣል፤ ምክንያቱም የቀረው ትንሽ የሕግ ማስተካከያ ነበር። ድንበር ተሻጋሪ ጉዳት የደረሰበት ሰው ሬሳ ቀብሮ፣ ጠበቃ ፈልጎ፣ በሌላ ቋንቋ ማስረጃ አሰባስቦ እስኪጨርስ አንድና ሁለት ዓመት እንደ ቀልድ ያልፋል። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ያጸደቀው የጥንቃቄ መመሪያ ለካሳ ክስ የይርጋው ጊዜ ከ5 ዓመት እንዳያንስ ያዘዘው ይህን በመረዳት ነበር፤ በ2025 ግን የመመሪያው ተፈጻሚነት ተራዝሟል፣ ይዘቱንም ለማጥበብ ተሠርቷል። ይርጋ፣ የማስረዳት ሸክም፣ የፍርድ ቤት ክፍያና ሰነድ እንዲቀርብ የማዘዝ ሥልጣን ስለ ሰብዓዊ መብት በሚደረጉ ንግግሮች ላይ አይሰሙም፤ የተጎጂውን ዕድል የሚወስኑት ግን እነሱ ናቸው።

የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2019 በቬዳንታ ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ወደ ተስፋ ያዘነብላል። የዛምቢያ መዳብ ማውጫ ውኃችንን በከለ ያሉ 1,826 የመንደር ነዋሪዎች ለንደን ውስጥ እናት ኩባንያውን ቬዳንታን ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ ክሱ እንዲቀጥል ሲፈቅድ ከተመለከታቸው ነገሮች አንዱ ኩባንያው ራሱ ስለ አካባቢ ጥበቃና ስለ ተቀጥላ ኩባንያዎቹ ቁጥጥር ያሳተማቸው መግለጫዎች ነበሩ። በፈቃደኝነት የተጻፈ ቃል ዳኛ ፊት ማስረጃ ሆነ። በፍርድ ቤት ባይሆንም የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት ስለ ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች ሥነ ምግባር ያወጣቸውን መመሪያዎች የተቀበሉ መንግሥታት አቤቱታ ሰምቶ የሚያሸማግል ብሔራዊ ተጠሪ ቢሮ ማቋቋም አለባቸው። ብዙዎቹ ጥርስ የሌላቸው አንበሶች ናቸው፤ ድርጅቱ አልመጣም ካለ የሚያደርጉት የለም። ካናዳ በ2014 ለሽምግልናው ፈቃደኛ ያልሆነ ድርጅት ከመንግሥት የሚያገኘውን የውጭ ንግድ ድጋፍ እንዲያጣ ወሰነች። ድጋፍ የሚሰጥ መንግሥት ሁሉ ይህን ማድረግ ይችላል፤ አዲስ ሕግም አያስፈልገውም።

ወደ ረቂቅዎ ስመለስ፣ ሥራውን የምጀምረው ከእያንዳንዱ አንቀጽ ጎን ሦስት ነገር በመጻፍ ነው፦ ኃላፊው መሥሪያ ቤት ማን ነው፣ በየትኛው ቀን ይፈጸማል፣ ሳይፈጸም ቢቀር ማን፣ የት ሄዶ ይጠይቃል። ሦስተኛው ባዶ የሆነበትን አንቀጽ ወይ ያስተካክሉት ወይ ያውጡት። የግዥ አንቀጹን ቀድመው ያስገቡ፤ በብዙ አገር በደንብ ወይም በመመሪያ ሊሠራ ስለሚችል የሕግ አውጪውን ወረፋ አይጠብቅም። የአነስተኛ ድርጅቶችን ግዴታ እንደ አቅማቸው ያቅልሉት፤ ትላልቆቹ ገዢዎች የራሳቸውን ሸክም በውል አሳበው ወደ ታች እንዳያራግፉ ግን በግልጽ ይከልክሉ፤ ዋጋ ቀንሶና ጊዜ አሳጥሮ ያዘዘ ገዢ፣ አቅራቢው ሠራተኞቹን ከልክ ያለፈ ትርፍ ሰዓት ሲያሠራ ከጥፋቱ ድርሻ አለውና። በምክክሩ ላይ የንግድ ምክር ቤቶች ያለ ጥሪም ይመጣሉ፤ የሠራተኛ ማኅበራትንና ጉዳት የደረሰባቸውን ማኅበረሰቦች ግን ሄደው ይጠይቋቸው፣ የጉዞ ወጪያቸውንም ይሸፍኑ። የአቤቱታና የካሳ ምዕራፉን ደግሞ ከሁሉም አስቀድመው እንዲጽፉት እለምናለሁ፤ እኔ ባየኋቸው ረቂቆች ይህ ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ስለሚቀመጥ፣ ጊዜ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው።